ከሰይጣን ወገን የተሰጠ ምስክርነት

የሰይጣን ወገን ነኝ የሚል ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን እዩኝ። ዕድሜዬ ሰባን ተሻግሯል፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ቀንድም ጭራም የለኝም። ጥቁር ዶሮ አርጄ አላውቅም፤ እንዲያውም ዶሮ ሲታረድ ማየት አልወድም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ ገና ርዕሱን ስታዩ ማማተብ እንደጀመራችሁ ስለማውቅ ነው። አማትቡ፣ ግድ የለም። አንድ ጊዜ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያማትብብኝ አይቻለሁና ንቅንቅ አልልም።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አብነት ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ሬዲዮ እጠግን ነበር። አባቴ ቄስ ነበር። በልጅነቴ የሳጥናኤልን አወዳደቅ የሚተርክልኝ እንድፈራ ብሎ ነው። እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ሰማይ ሙሉ መላእክት አንድ ላይ ሲሰግዱ አንዱ ብቻ ቆሞ መቅረቱ። ካደግሁ በኋላ አብዮቱ መጣ። አገር ሙሉ ሰው ግራ እጁን አንስቶ አንድ ላይ ሲፎክር፣ የተባለውን ሲደግም፣ ይውረድ የተባለውን ሲያወርድ ሳይ፣ ያ ቆሞ የቀረው ትዝ አለኝና ወገንኩለት። ሃይማኖቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ አያልፍም። ማኅበር የለው፣ ጽዋ የለው፣ ሰባኪ የለው። ምእመኑም እኔ፣ አለቃውም እኔ።

ከሞት በኋላ አለ ስለሚባለው ነገር ደግሞ አቋሜ ያኔም አሁንም አንድ ነው። የለም። ባትሪው ያለቀ ሬዲዮ ይዘውልኝ ሲመጡ፣ ድምፁ አሁን የት ሄዶ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

የቀበሌያችን ውይይት የሚካሄደው እሁድ ጠዋት ነበር። ሆን ብለው የቅዳሴው ሰዓት ላይ አድርገውታል። ሊቀመንበሩን በለጠ እንበለው። ከአብዮቱ በፊት ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚቆም ልጅ ነበር። ዘመን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንዲሉ፣ አሁን ሲቆም ሽጉጡ ወገቡ ላይ፣ ሲቀመጥ ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው። የዚያን እሁድ ስለ ቁስ አካልና ስለ ንቃተ ኅሊና እሱም ያልገባውን ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳንና፣ መጨረሻ ላይ እጁን እያፋተገ፦

“እንግዲህ ጓዶች፣ ተግባብተናል ማለት ነው። አምላክ አለ የሚል ካለ እጁን ያውጣ” አለ።

ማን ያውጣ? ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ከልደታ ኪዳን አድርሰው በቀጥታ የመጡ እናቶች ናቸው። ማተባቸውን ወደ ውስጥ ከተዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። በር ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግን ንቄያቸው ነበር፣ ይህንንም አልደብቃችሁም።

በለጠ ደስ አለው። ደስ ሲለው ቀልድ ያምረዋል።

“ሰይጣንስ? ሰይጣን አለ የሚል?”

ሰው ሳቀ። እኔ እጄን አወጣሁ።

“ምንድነው አንተ?”

ተነሳሁ። “አለ” አልኩ። “እኔም የእሱ ነኝ።”

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ከደቂቃ በፊት አምላክ የለም ብሎ የተስማማው ጉባኤ በሙሉ አማተበ። እናቶቹ አማተቡ፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ አማተበች፣ በር ላይ ያለው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ አማተበ። በለጠ ራሱ ቀኝ እጁ ወደ ግንባሩ ተነስቶ ነበር፤ ሲደርስ አስታወሰና ግንባሩን አከከ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ያሳሰረኝ ንግግሬ ይሁን ሳቄ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያሰሩኝ ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጓሮ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። በምን እንደሚከሱኝ ቸግሯቸው ነበር። አናርኪስት እንዳይሉኝ ማንም አናርኪስት ሰይጣን ሲል አልሰሙም። ክፍሏ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ገብተዋል። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። አብነት ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ዱቄት ጆሮአቸው ውስጥ ሳይቀር የገባ፣ ሲያስነጥሳቸው ቤቱን የሚያናጉ ሰው ናቸው። የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁ ይፈለጋል፣ ጠፍቷል፤ የት እንዳለ ተናገሩ ይሏቸዋል፣ እሳቸው አያውቁም።

ጻድቅ ሰው ነበሩ ብዬ ላሳምናችሁ አልፈልግም። ነጭናጫ ነበሩ። ያንኮራፋሉ። ገና ስገባ የኔ ነገር ደርሷቸው ኖሮ፦

“አንተ ነህ የሰይጣኑ?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ወዲያ ጥግ ሁን። ወደዚህ እንዳትሻገር።”

በማግስቱ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ምሳ ላኩ። ጋሽ ወልዴ ሳህኑን ከፍተው እኔን አዩኝ፣ ምግቡን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ብቻቸውን መብላቱ ከብዷቸዋል፣ ከኔ ጋር መብላቱ ደግሞ አስፈርቷቸዋል። በመጨረሻ ጮክ ብለው በስመ አብ አሉ፣ አባታችን ሆይን ከላይ እስከ ታች ደገሙ፣ በአራቱም ማዕዘን ባረኩና፦

“ና ብላ” አሉኝ።

በላሁ። እሳቸው መብላታቸውን ትተው አፌን ያያሉ። ይታነቃል፣ ይጮኻል፣ ይወድቃል ብለው ነበር። ሽሮው ግሩም ነበረና ጠራርጌ በላሁት። በጣም ነው ያዘኑት።

“ምንም አልሆንክም?”

“ጨው ትንሽ አንሶታል።”

“ሚስቴ ጨው አታሳንስም” አሉ ተቆጥተው። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያ ጥግ ሁን አላሉኝም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲያደርቁኝ ዋሉ።

“ይሄ ሰይጣንህ ምን ይሰጥሃል?”

“ምንም።”

“ገንዘብ?”

“አይሰጥም።”

“ስትሞትስ?”

“ስሞት ያበቃል። ለሁላችንም ያበቃል። ገነትም ሲኦልም የለም።”

“ሲኦል ከሌለ እሱ ታዲያ የት ነው የሚኖረው?”

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። “አልሰግድም በሚል ሰው ውስጥ” አልኳቸው፣ ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ።

ጋሽ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አይ ልጄ። እኔ የወፍጮ ቤቴን ዘበኛ እንኳ ደሞዝ እከፍለዋለሁ። አንተ በነፃ የምታገለግል ምን ዓይነት ሞኝ ነህ?” አሉና አስነጠሳቸው።

ንቀት የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሳቸውም ሲንቁኝ ነው የዋሉት።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በለጠ ራሱ መጥቶ አስጠራኝ። ጓሮ፣ የውሃው ቧንቧ አጠገብ ብቻችንን ቆምን። ዓይኑ ቀልቷል፣ ፂሙን አልተላጨም። ሊገርፈኝ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

“አንሳልኝ” አለኝ።

“ምኑን?”

“አታስቸግረኝ፣ ታውቃለህ። ልጄ ከእሁድ ጀምሮ ጡት አልይዝ ብሏል። ያለቅሳል። አንተ ከታሰርክበት ሰዓት ጀምሮ ነው። አማቴ ያን ሰውዬ ነክታችሁት ነው ትላለች። ጠበልም ወስደውት ነበር...” አለና አፉን ያዘ። የቀበሌ ሊቀመንበር ልጅ ጠበል መሄዱን ለኔ መንገሩ ገና ያኔ ነው የታወቀው።

ወይ ጉድ። እኔ ሰማይ ሙሉ ሲሰግድ ቆሞ ስለቀረው አንድ ኩሩ ሳስብ፣ እሱ ለካ ጋኔን ጎታች አድርጎኛል። አምላክ የለም ብሎ ያስተማረ ሰው፣ ሰይጣን የለም ብሎ ያሳቀ ሰው፣ ሰይጣን እንዲያማልደው እኔ ፊት ቆሟል። ከት ብዬ ልስቅ ነበር። ግን ቀጠለና የተናገረው ሳቄን አጠፋው።

“ከከፍተኛው፣ ከበላዮቻችን ታዘናል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። አንተንም ሽማግሌውንም ይወስዳሉ።”

በዚያ የቀይ ሽብር ወራት ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ በመኪና የተወሰደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ያየን የለንም። ከወዲያው ምንም የለም ያልኩት ሞት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሊመጣ ነው።

“አንተን አጣርቼ ለቅቄዋለሁ እላለሁ” አለ በለጠ። “አንሳልኝ ብቻ።”

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ድምፄን አወፍሬ፦ “ሽማግሌውም ካልወጡ አይነሳም” አልኩት።

“ሁለታችሁንም ከለቀቅሁ እኔን ነው ጭነው የሚሄዱት!”

“እሱን አንተ ታውቃለህ።”

ላቡን ጠረገ። ቢመክርም ቢዝትም አልተነቃነቅሁም። በመጨረሻ ምን አደረገ መሰላችሁ? ይዞኝ ወደ ክፍሏ ተመለሰ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ስብሰባው ቀን፦

“አንድ ሰው መልቀቅ እችላለሁ። ማን እንደሚወጣ እናንተው በውይይት ፍቱት። መኪናው ሳይመጣ አሳውቁኝ” ብሎ ቆለፈብን።

በውይይት ፍቱት። ብዙ ፈሪ አይቻለሁ፤ ፍርሃቱን የስብሰባ አጀንዳ ያደረገ ግን ከበለጠ ሌላ አላየሁም።

ለጋሽ ወልዴ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የሕፃኑን ነገር ሳይቀር። ጋቢያቸውን እየደረቡ ሰሙኝ። የሚናደዱ፣ የሚለምኑ፣ የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የትናንት ክርክራችንን ነው የቀጠሉት።

“አንተ ስትሞት አበቃ ነው የምትለው፣ አይደል?”

“አዎ።”

“እኔን ለማስደሰት ብለህ እንዳትለውጠው። አበቃ?”

“አበቃ።”

“እንግዲያው አንተ ውጣ።”

አልገባኝም። አየኋቸው። እንደማይገባው ደንበኛ ቀስ ብለው አስረዱኝ።

“ወፍጮ ቤቴ ሁለት ሴቶች መጡ እንበል። አንዷ ቤቷ የተፈጨ ዱቄት አላት። ሌላዋ ያላት የያዘቻት እህል ብቻ ናት፣ ቤቷ ባዶ ነው። የማንን አስቀድማለሁ?”

“ይሄ ወፍጮ አይደለም ጋሽ ወልዴ!”

“ወፍጮ ነው። እኔ ወዲያ ማዶ ቤት አለኝ። ያንተ ይቺው ብቻ ናት። ብቸኛዋን ወስጄብህ እዚያ ስደርስ ምን እላለሁ?”

“ሚስትዎስ? ልጅዎስ?”

“ልጄማ እኔ ቤት ከገባሁ ሊያየኝ ይመጣል። ሲመጣ ይይዙታል። ለዚህም ብል አልወጣም።”

ተናደድኩ። አዎ፣ ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም አልሰግድም ብዬ፣ አንድ ወፍጮ ፈጪ፣ በማላምንበት ገነት ሒሳብ ሕይወቴን ሊሰጠኝ ነው። ልሰድባቸው ፈለግሁ። የቀረኝ አንድ መላ ነበርና እሱን ሞከርኩ።

“አለ” አልኳቸው።

“ምኑ?”

“ሌላ ዓለም። ገነቱም ሲኦሉም አለ። አሁን አምኛለሁ። ስለዚህ እኔም ማዶ ቤት አለኝ፤ እርስዎ ይውጡ።”

ጋሽ ወልዴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

“ማል።”

“ልደታን።”

“የማያምን ሰው መሐላ ምን ይረባኛል?” አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ደግሞስ ቢኖርም ያንተ ቤት ሲኦል እኮ ነው። እዚያ ነው የምልክህ?”

በልደታ የማለ ሰይጣን አምላኪ ሆኜ ቀረሁ። እሳቸው በሩን ደበደቡና፦ “ጨርሰናል! ይሄ ልጅ ይወጣል!” ብለው ተጣሩ። በለጠ በሩን ሲከፍት የተደሰተውን መደሰት አልረሳውም።

መኪናዋ ስትመጣ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

“ለአስካለ ወፍጮውን እንዳትሸጥ በላት።”

“እሺ። ግን ቢሳሳቱስ ጋሽ ወልዴ? ምንም ባይኖርስ?”

“እኔ ከተሳሳትኩማ አላውቀውም። አንተ ከተሳሳትክ ነው ጉዱ” አሉና አማተቡ። መኪናው ላይ ሲወጡ አስነጠሳቸው። “ይማርዎ” አልኩ፤ ከአፌ ነው ያመለጠኝ። የሚምር አለ ብዬ በማላምንበት ቃል ተሰናበትኳቸው።

በለጠ ክንዴን ያዘኝ። “አነሳኸው?”

“የልጅህን አፍ ከፍተህ ምላሱን እየው” አልኩት። “ነጭ ነጭ ነገር ካለው ቁስል ነው፣ ስለሚያመው ነው የማይጠባው። ሐኪም ቤት ውሰደው።”

እንደተታለለ ሰው አየኝ። ሰይጣን ጠብቆ ሐኪም ቤት ተባለ። ልጁ በኋላ እንደዳነና አማቱ ያን ሰውዬ ስለለቀቃችሁት ነው እንዳለች ሰምቻለሁ።

ታዲያ አንተ ከዚህ ወዲያ ምን ሆንክ ትሉኝ ይሆናል። ንስሐ ገብቶ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ በየአደባባዩ ይመሰክራል ብላችሁ እስከዚህ ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ጊዜያችሁን በማባከኔ አዝናለሁ። አልሆነም። ከሞት በኋላ ምንም የለም ብዬ አምናለሁ። ቆሞ ለቀረው ዛሬም ወገን ነኝ። ዛሬ እሁድ እሁድ የፊተኛውን ወንበር የሚሻሙትን የትናንት የውይይት ክበብ ሰዎች ሳይ ዛሬም እንቃለሁ፤ ያኔ ካዱ፣ አሁን አመኑ፣ ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን ያነሱት ሌላው ሲያነሳ አይተው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድሮ አለመስገድ የሚችለው የማያምን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ አማኝ ሽማግሌ ለበለጠም፣ ለመኪናውም፣ ለሞቱም ሳይሰግዱ ሲሄዱ አየሁ። ከዚያ ወዲህ በአማኝ ሁሉ ላይ መሳቅ አልሆነልኝም። አንዳንዱን መርጬ ነው የምስቀው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በማግስቱ የጋሽ ወልዴን መልእክት ላደርስ ስሄድ እትዬ አስካለ በር አልከፈቱልኝም። ሰፈሩ ሁሉ የሰይጣኑ ወጣ፣ የእግዜሩ ቀረ ብሎ አምቶኛል። እንዲያው በበሩ ቀዳዳ ወፍጮውን አይሽጡ ብያቸው ተመለስኩ። እሳቸው ከፍተኛው በር ላይ ምሳ ይዘው ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን ዘበኞቹ ሳህናቸውን መልሰው፣ ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ አሏቸው። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሬሳ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ ድንኳን የለ፣ ከል መልበስ ክልክል። እድርተኛው ሁለት ሁለት እየሆነ፣ እህል ሊያስፈጭ የመጣ መስሎ ነበር የሚያጽናናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቀትር ላይ እትዬ አስካለ የቆርቆሮ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ሬዲዮ አልያዙም። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል። ሳይፈሩኝ አልቀሩም፣ ግን አልሸሹም።

“አንተ የዚያን ወገን ታውቃለህ ይላሉ” አሉኝ።

በርጩማ ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

“ቄሱን ብጠይቅ አምላክ ያውቃል አሉኝ። ባለቤቴ ሳይቆርቡ ነው የሄዱት፣ ሳይናዘዙ። እንቅልፍ አጣሁ ልጄ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ። እናንተ ዘንድ የሉም አይደል?”

ምን ልበላቸው? እኛ ዘንድ የሚባል ስፍራ የለም ልበል? ሌላ ዓለም አለ ያልኩት የዕድሜዬ ብቸኛ ጊዜ አልሠራልኝም ነበር። እትዬ አስካለን አየኋቸው። መሣሪያዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

“የሉም እትዬ አስካለ” አልኳቸው። “እኛ ዘንድ አልመጡም። የቀበሌ ሰው እንደ ጉድ ነው የሚገባው። ጋሽ ወልዴ ግን አልመጡም።”

“በደንብ አይተሃል?”

“በር ላይ ቆሜ ጠብቄያቸዋለሁ። አላለፉም።”

ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። “ተመስገን” አሉ። ፊቴን አይተው፦ “ከስተሃል። ና ምሳ ብላ” አሉኝ። ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።